የዘንጎራ የብርሃን ክር

በዘንጎራ ግንብ ራስ ላይ የቀረችው የመጨረሻዋ የብርሃን ክር በጠራራ ፀሐይ ጠፋች። ክሮቹ ከሩቅ ከተሞች ጠቢባን ጋር ጥያቄና መልስ የሚመላለስባቸው ጎዳናዎች ነበሩ፤ መኳንንቱ ግን «ባዕድ የብርጭቋችንን ጥበብ እንዳይሰርቅ» ብለው ሁሉንም አስበጠሷቸው።

ወዲያው የሰባቱ ነፋሳት ማኅበር መልእክተኛ ደረሱ። ይህ ባለጸጋ የነጋዴዎች ማኅበር በመረጠው ከተማ ጠቢባንን የሚሰበስብ፣ ለነዋሪውም ሥራ የሚሰጥ ታላቅ የምርምር ምድጃ ያቆም ነበር። ንጉሡ ቅጥሩንና ወርቁን አስጎበኟቸው።

«ግርማዊ ሆይ፣ ወርቅስ እኛም አለን» አሉ መልእክተኛዋ እጅ ነሥተው። «ብቻውን የሚያስብ ከተማ የገደል ማሚቶውን እንደ ምክር ይሰማል። እስከ መከር አንዲት ክር ካልበራች ምድጃችን ወደ ሌላ ይሄዳል።»

የብርጭቆ ነፊው ልጅ ወለላ ይህን ሰማች። የአባቷ የብርጭቆ ምድጃ ቀዝቅዟል፤ ሰፈርተኛውም ጓዙን እየሸከፈ ነው።

«ክሯን ሳላበራ ብመለስ ትንፋሼ ብርጭቆ አይንፋ!» ብላ ማለች።

ከሽማግሌው ጦረኛ ከአያ ጎርፉና ድምቡሎ ከሚባል አፈኛ ቀንዳም ሰጎን ጋር ወደ ከዋክብት ጠባቂዎቹ ከተማ ወደ ኤልሞራ ዘመተች። በጨው በረሃ ዘንዶ ቢያደፍጥባቸው ጎርፉ ጦሩን ወርውሮ ሳተው፤ ድምቡሎ ግን አውሬውን ሲያሯሩጠው ውሎ አደከመው።

«አያ ጎርፉ፣ ጦርዎ ዘንዶውን ትቶ ደመና ወጋ!» አለ ሰጎኑ።

«ዝም በል፣ አንተ ላባም!»

ኤልሞራ ደርሰው ወለላ ክሯን እንዲያበሩላት ስትለምን፣ የከተማዋ ጠቢብ እሜቴ አዳሊን ቀልድ በሌለው ድምፅ መለሱ። «ክር የምትኖረው በሁለት ሰው ትንፋሽ ነው። አንዲት የእኛ ልጅ ጥበባችንን ይዛ ወደ ዘንጎራ ትሄዳለች፤ አንቺም የእናንተን ይዘሽ እዚህ ትቀሪያለሽ። ጠባቂዋ ከራቀች ክሯ ትጠፋለችና፣ ዕድሜ ልክሽን ነው።»

ወለላ ወደ መጣችበት አድማስ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያም የተሰወረውን የብርጭቆ ጥበብ ሁሉ ገልጣ ተናገረች፤ ክሯም እንደ መብረቅ ቦግ አለች።

ጎርፉ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ድምቡሎም የኤልሞራዋን ልጅ በጀርባው አሳፍሮ የዘንጎራን መንገድ ጀመረ።

በመከር የማኅበሩ ምድጃ በዘንጎራ ቆመ፤ የተሰደደውም ተመለሰ። በኤልሞራ ወለላ የአገሯን ብርጭቆ በከዋክብት ጠባቂዎቹ ስሌት ሞርዳ የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ማጉያ ሠራች። ባየችበት ጊዜ በክሯ ጫፍ ቀይ ነጥብ ታየቻት፦ የአባቷ እሳት። እጇን አውለበለበች።

«ወለላዬ!» አለ የአባቷ ድምፅ በክሯ ላይ። «የላክሽልን ልጅ ዛሬም ቅንድቧን አቃጠለች!»

«ታቃጥል፣ አባዬ፤ እኔም ጨረቃን ሁለቴ ቆጥሬያለሁ። እጄ ይታይሃል?»

«እኔ ማጉያ ከየት አምጥቼ!»

«እንግዲያው» አለች እንባዋን በሳቅ እየጠረገች፣ «ማጉያው እንዴት እንደሚሠራ ጠይቀኛ!»