የመልበሻ ክፍሉ አግዳሚ

ያላመነ ይተወው፤ ማንንም አልለምንም። በእጄ የነካሁትን ነው የማወራው።

ቅዳሜ ነበር፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ታንጋ ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ያለው ስታዲየም። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

እኔ እዚያ ጽዳት ነኝ። ልጄ ሾማሪ ደግሞ የሰፈራችን ቡድን በረኛ። ከልጅነቱ የለፋበት የመጀመሪያ ጨዋታው ያን ቀን ነበር።

እኛ ዘንድ ተጫዋች መልበሻ ክፍል አይገባም። መተት አለበት ይባላል። አውቶቡስ ውስጥ ልብሱን ቀይሮ፣ በሩን ትቶ፣ አጥር ዘሎ ነው ሜዳ የሚገባው። ክፍሉ ተቆልፎ ነው የኖረው።

እኔ በመተት አላምንም። ሲያወሩ እስቃለሁ።

የዚያን ዕለት ግን የስታዲየሙ ኃላፊ ማቻኖ ቁልፉን ሰጠኝ።

"ቢ ኮምቦ" አለኝ፤ ቢ እኛ ዘንድ ወይዘሮ ማለት ነው። "አጽጂው። ዛሬ አጥር የዘለለ አይጫወትም። ከላይ ታዟል።"

ከፈትኩ...

አቧራ ነበር የጠበቅኩት። የሸተተኝ ላብ ነው። የአሁን ላብ። ከሥሩ ደግሞ የከረመ የዓሣ አንጀት።

አግዳሚው ወንበር ላይ እርጥብ ነገር አለ። ጎን ለጎን... ብዙ ሰው ተቀምጦ የተነሣበት ቅርጽ።

ጠረግኩት። ጨርቁ ላይ እንደ ንፍጥ ተዝለገለገ። ለብ ያለ ነው።

በረኪና ደፍቼ ፈተግኩ... ደረቀ።

ባልዲውን ላነሣ ዞር አልኩ። ስመለስ እዚያው ቦታ ላይ ረጥቧል።

እኔም እልኸኛ ነኝ። ደግሜ ፈተግኩ።

ከመዳፌ ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ... እንደ ጭን የለሰለሰ፣ ፀጉር ያለው።

ዓይኔ የሚያየው ባዶ ወንበር ነው።

እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ፣ ጠረግኩ... ሽታው አልለቅ አለ።

ስወጣ ቡድኑ በር ላይ ደርሷል። ሾማሪን በክንዱ ይዤ ወደ አጥሩ ጎተትኩት።

"እዚያ አትገባም።"

"ማማ... ሰው እያየ ነው።"

"ይይ።"

"በመተት የምትስቂው አንቺ አይደለሽ?"

"አትገባም ብያለሁ።"

"በረኛችን ጡት አልጣለም እንዴ?" አለ አንዱ። ሳቁ።

ማቻኖ መጣ። "ቢ ኮምቦ፣ ካልገባ አይጫወትም። የገዛ ልጅሽን የእንጀራ በር ትዘጊያለሽ?"

"አይጫወት።"

ሌሎቹ ገቡ። ልብሳቸውን ቀይረው እየቀለዱ ወጡ። ምንም የሆነ የለም። በሾማሪ ቦታ ሌላ ልጅ ጓንት አጠለቀ።

ሾማሪ ክንዱን መንጭቆኝ ሄደ። ጨዋታው ሲጀመር ማልያውን እንደለበሰ ሜዳው ዳር መቀመጫ ላይ ብቻውን ተኮራምቶ አየሁት።

እኔን ስታዲየሙ በር ላይ ጥበቃ አቁመውኛል። ቲኬት የሌለው ሁሉ ይጋፋል። እሱን ስመልስ፣ ከዚያኛው ጋር ስጣላ...

ቀና ስል ሾማሪ የለም።

ሮጥኩ። የመልበሻ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል።

"ሾማሪ..."

ከውስጥ ማላመጥ ይሰማል። የብዙ አፍ ማላመጥ።

ገፋሁት።

ልጄ ብቻውን አግዳሚው መሃል ተቀምጧል። ቦታው ሰፊ ነው። እሱ ግን ትከሻውን አጥብቦ፣ ጉልበቱን ገጥሞ፣ ጭንቅንቅ ያለ ዳላዳላ ታክሲ ውስጥ እንደ ተሳፈረ ሰው ነው የተቀመጠው።

ንዴቱ ጠፍቷል። ፊቱ ረክቷል። ከንፈሩና አገጩ በዚያ ስፈትገው በነበረው ልጋግ ያብለጨልጫል።

"ተነሥ ልጄ..." አልኩት ቀስ ብዬ። "ና ወደ እኔ።"

አየኝ። ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ባዶው።

"እናቴ ናት" አለ በትሕትና። "እባካችሁ ጠጋ በሉላት።"

አግዳሚው ላይ ያለው እርጥበት ሸርተት አለ... ቀጥሎ ያለውም ሸርተት... ከዚያም ወዲያ ያለው...

ከልጄ ጎን፣ የአንድ ሰው ቦታ ደረቀ።