የካርቶኑ ዝናብ

የሐር ትል የጉሎ ቅጠል ሲበላ ድምፁ ቁርጥ ዝናብ ነው። ያን ቀን ጠዋት ግን ሃዋኒ አምቦ ውስጥ የምትመራመርበትን የትል ማርቢያ ክፍል ስትከፍት ጭር ብሏል። ትሎቹ አልሞቱም። ቅጠሉን ትተው፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ ሁሉም ወደ በሩ ዞረዋል። ክው አለች።

ጠዋት ጠዋት በሩን ይከፍት የነበረው ቀነዓ ነው፤ ቅጠል የሚመግባቸው የጊንጪ ልጅ። በእሷ ደብዳቤ ከተባረረ ሦስት ቀኑ።

ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? እሷ ቅጠሉን በበረኪና ታጥባለች፤ እሱ ባልታጠበ እጁ ትልልቆቹ ትሎች በልተው የተዉትን ፍርፋሪ ገና ለተፈለፈሉት ትንንሽ ትሎች ያቀምሳል።

«ቆሻሻ ነው፣ ቀነዓ!»

«ማሎ፣ እባክሽ ሃዋኒ! እናቴ እኮ ጥጃ ሲታመምባት ላሟ ያመነዠከችውን ሣር ከአፏ ወስዳ ታቀምሰዋለች። ይድናል።»

«እናትህ ተመራማሪ ናቸው?»

ቀና ብሎ አያት። ያ አተያየቱ እስካሁን ያቃጥላታል። ስለምትወደው እኮ ነው የከሰሰችው፤ ጥፋቱን ባልፈው መውደዴን ሰው ያውቅብኛል ብላ ፈርታ። አይ ሃዋኒ!

ከሰዓት ላይ ትሎቹ ጠቋቁረው ተልፈሰፈሱ። የአንዱን ሆድ ከፍታ በማይክሮስኮፕ ብታይ ባዶ ነው። ምግብ የሚያብላሉላቸው፣ በሽታ የሚመክቱላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን አንድም የሉም። ቀነዓ በፍርፋሪው ያስተላልፍላቸው የነበሩትን በበረኪና የፈጀቻቸው ራሷ ናት።

ያኔ፣ ማንም ከሌለበት የቅጠል ማስቀመጫ ክፍል ዝናብ ሰማች። ፀጉሯ ቆመ። በሩን ገፍታ ገባች። ጥጉ ላይ አንድ ካርቶን አለ፤ ቀነዓ ደብቆ ፍርፋሪ ያቀመሳቸው ትሎች የጠወለገ ቅጠላቸውን ይግጣሉ። ወፍረዋል።

ካርቶኑን ታቅፋ በጊንጪ ሚኒባስ ተሳፈረች። ፀሐዩ ጠራራ ነው፤ ተሳፋሪው ግን ዝናብ እየሰማ መስኮት ይዘጋል። አንዲት እናት አማተቡ።

ቀነዓ ደጁ ላይ እንጨት ሲፈልጥ ድምፁን ሰምቶ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ደመና የለም። ዓይኑን ሲመልስ ሃዋኒ ቆማለች።

«ያስባረርኩህ እኔ ነኝ» አለች።

«ፊርማሽን አይቻለሁ።»

«ታዲያ እነዚህን ለምን ተውክልኝ?»

«ሁሉም ያልቁባታል፣ ታለቅሳለች ብዬ ነዋ።»

«እወድሃለሁ፣ ቀነዓ። አብረን እንመለስ፤ እውነቱን ለአለቆቻችን ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

እጇን ዘረጋችለት። እሱ የራሱን መዳፍ አየና ወደ ኋላ ሸሸገው።

«ቆይ ልታጠብ፣ ቆሻሻ ነው።»

«ተው» አለችው። «እንዲሁ ስጠኝ።»