ቀዩ ጓጉንቸር

ሜቲ አምስት ዓመቷ ነው። ቤቷ ብርቱካን በመጠን ከሚለይበት ቦታ፣ ከብርቱካን መለያው፣ ፊት ለፊት ነው። በመሃል አንድ መንገድና አንድ የሽቦ አጥር ብቻ አለ።

ብርቱካን መለያው ውስጥ ትልቅ ማሽን አለ። ማሽኑ ረጅም ቺንጋ አለው። ቺንጋው የሚሄድ የጎማ መንገድ ነው፤ ብርቱካኖቹ ላዩ ላይ ተቀምጠው ይሄዳሉ።

ከረረረረ! ከረረረረ!

ትንንሾቹ ብርቱካኖች በትንሹ ቀዳዳ ይወድቃሉ። ዱብ! ዱብ! ዱብ!

መካከለኞቹ በመካከለኛው ቀዳዳ ይወድቃሉ። ዱብ! ዱብ!

ትልልቆቹ እስከ መጨረሻ ይሄዱና፦ ዱምብ!

ማሽኑን የሚያስነሱት ጋሽ ደገፉ ናቸው። ማሽኑ ሲታመም የምታክመው ደግሞ የሜቲ እናት ናት። ስሟ ብርቄ ነው፤ ሜቲ ግን እማዬ ነው የምትላት።

እማዬ ሰማያዊ ቱታ፣ ጥቁር ቦቲ ጫማና ቀይ ጓጉንቸር አላት። ጓጉንቸሩን ሌላ ሰው አይነካውም። ቁልፉም አንድ ብቻ ነው፤ በቀይ ክር ታስሮ እማዬ አንገት ላይ ይንጠለጠላል።

እማዬ ማሽኑን ከመንካቷ በፊት ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለች።

ትልቁን ማጥፊያ ወደ ታች ታወርዳለች። ጧ! «አጠፋሁ።»

ማጥፊያውን በቀዩ ጓጉንቸር ትቆልፋለች። ቀጭ! «ቆለፍኩ።»

አረንጓዴውን ማስነሻ ትጫናለች። ማሽኑ ዝም! «ሞከርኩ።»

«አሁን እነካለሁ።»

ጓጉንቸሩ ላይ አንድ ካርድ ይንጠለጠላል። «ሰው አለ፤ አትንኩ» ይላል። የእማዬም ፎቶ አለበት። ፎቶው ላይ ግን አትስቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑ ታመመ።

ሲጥ! ሲጥ! ሲጥ! አለ።

«ኩሽኔታው ነው» አለች እማዬ። ኩሽኔታ ልጆች ጋሪ የሚሠሩበት ክብ ብረት ነው። በማሽኑም ውስጥ አለ፤ ሲያረጅ ይጮኻል።

አጠፋሁ። ቆለፍኩ። ሞከርኩ። አሁን እነካለሁ።

እማዬ መከለያውን ፈታች። አሮጌውን ኩሽኔታ አወጣች። አዲሱን ሳታስገባ የምሳ ሰዓት ደረሰ።

ጓጉንቸሩን እንደተቆለፈ ትታው ወደ ቤት መጣች። እጇን ልትታጠብ ስትል ቁልፉ አስቸገራት። ከአንገቷ አወጣችና ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ቱታውን አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

«እማዬ» አለች ሜቲ ሽሮ እየበሉ፣ «ያ ትንሽ ቁልፍ ነው ያንን ትልቅ ማሽን የሚያቆመው?»

እማዬ አፏ ሞልቶ ነበር። «እህም» አለች።

ሜቲ አሰበች። ትልቅ ማሽን ካቆመ፣ ሌላም ነገር ያቆማል!

እማዬ ውኃ ስትጠጣ፣ ሜቲ ቀስ ብላ ሄደች። ቀስ ብላ እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች። ቀስ ብላ ቁልፉን ወሰደች።

እማዬ ቱታዋን ለበሰችና ቸኩላ ወጣች።

መጀመሪያ አውራ ዶሮው መጣ። የሜቲን ዳቦ ያይ ነበር።

ሜቲ ቁልፉን ወደ ላይ አነሳች። «ቁም!»

ዶሮው አልቆመም። ዳቦውን ነጥቆ ሮጠ።

የግቢው ቧንቧ ይንጠባጠብ ነበር። ጠብ! ጠብ! ጠብ!

ሜቲ ቁልፉን ወደ ላይ አነሳች። «ቁም!»

ቧንቧው አልቆመም። ጠብ! አለና እግሯ ላይ ፈሰሰ።

በመንገዱ አንድ ባጃጅ መጣ። ሜቲ ከበሩ ላይ ሆና ቁልፉን አነሳች። «ቁም!»

ባጃጁም አልቆመም። ሹፌሩ ሰላም ያለችው መስሎት እጁን አውለበለበላትና አለፈ።

የሜቲ አባት ልብስ ሰፊ ነው። በረንዳው ላይ ሲንጀሩን እየረገጠ ሱሪ ይሰፋ ነበር። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ!

«ቁም!» አለች ሜቲ።

«ማን? እኔ?» አለ አባዬ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። «ይሄ ሱሪ ነገ ሰርግ አለበት። ሙሽራው ያለ ሱሪ ይሂድልሽ?»

ሜቲ ቁልፉን ገልብጣ አየችው። «ይሄ ቁልፍ ተበላሽቷል» አለች በልቧ።

ከዚያ አባዬ እግሩን አነሳ። ሲንጀሩ ዝም አለ።

«ሜቲ፣ ስሚ እስቲ» አለ። «የማሽኑ ድምፅ የለም። እስካሁን መነሳት ነበረበት።»

ሜቲ ሰማች። ከረረረረ የለም። ዱብ ዱብም የለም። የአንድ መኪና ሞተር ብቻ ይሰማል። ድርርርርር! ጡሩምባውም ይጮኻል። ፓ! ፓ!

ሜቲ ቁልፉን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ጆሮዋ ጋለ። መዳፏን ቀስ ብላ ከፈተች።

«አባዬ… ይሄ የእማዬ ነው። ከኪሷ ወስጄው ነው።»

አባዬ ቁልፉን አየ። ሜቲን አየ። ሱሪውን ከነመርፌው አስቀመጠና ተነሳ።

«ነይ፣ አሁኑኑ እንውሰድላት።»

እጇን ያዘ። ግራ አዩ። ቀኝ አዩ። መንገዱን ተሻገሩና አጥሩ ጋ ደረሱ።

በሩ ላይ ትልቅ የጭነት መኪና ቆሟል። መኪናው ባዶ ነው። ብርቱካኑ ገና አልተለየም።

ብርቱካን የሚለቅሙት ሴቶች ሳጥን ገልብጠው ተቀምጠዋል። የመኪናው ሹፌር ወዲያ ይላል፣ ወዲህ ይላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ተረጋጋ!» አሉት እትዬ ዘርፌ የሚባሉት ለቃሚ። «ብርቱካኑ እግር የለው፣ አይሄድብህ!»

«አይሄድም፣ ግን ይበሰብሳል!» አለ ሹፌሩ። «ጋሽ ደገፉ፣ በቃ ያስነሱልኝ!»

«ጓጉንቸር አለበት» አሉ ጋሽ ደገፉ።

«የማን ነው?»

«የብርቄ ነው።»

«ብርቄ የት ናት?»

«ከምሳ በኋላ አላየኋትም።»

«አዩ አይደል! ምሳ ላይ ናት!» አለ ሹፌሩ። «ማሽኑ ውስጥ ማንም የለም!»

ጋሽ ደገፉ ክንዳቸውን አጣምረው ማጥፊያው ፊት ቆሙ። «ጓጉንቸር ካለ ሰው አለ።»

ሹፌሩ ግን መኪናው ውስጥ ገባ። ሲወጣ የብረት መጋዝ ይዟል።

«እኔ እቆርጠዋለሁ!»

«አትቆርጥም!» አሉ ጋሽ ደገፉ።

ሜቲ አጭር ናት። ትልልቆቹ ሰዎች የሚያዩት ከላይ ነው፤ የተደረደሩት ሳጥኖች ይከልሏቸዋል። ሜቲ ግን በሳጥኖቹ መካከል፣ ከታች በኩል አየች።

ከቺንጋው ስር ሁለት ጥቁር ጫማዎች ወጥተዋል። የእማዬ ቦቲ ጫማዎች!

እማዬ ማሽኑ ስር ናት። የመኪናው ሞተር ድርርርር ስለሚል ጭቅጭቁ አይሰማትም።

«ቁም» አለች ሜቲ። ድምፅዋ ትንሽ ነበር። ማንም አልሰማትም።

«አባዬ፣ ተሸከመኝ!»

አባዬ ትከሻው ላይ አወጣት። ሜቲ ቁልፉን ወደ ላይ አነሳች። ሆዷ ውስጥ ያለውን አየር ሁሉ ሰብስባ ጮኸች።

«ቁም!!!»

ሹፌሩ ቆመ። መጋዙም ቆመ። ሴቶቹ ሁሉ ዞር አሉ።

«እማዬ ስር ናት! እማዬ ማሽኑ ስር ናት!»

እትዬ ዘርፌ ሮጠው የመኪናውን ሞተር አጠፉት። ዝም አለ።

ያኔ ከቺንጋው ስር ድምፅ መጣ። «ምንድን ነው? ማን ነው የሚጮኸው?»

ጫማዎቹ ተንፏቀቁ። ቱታው ወጣ። ከዚያ እማዬ ወጣች። አፍንጫዋ ላይ ግራሶ የሚባለው የማሽን ቅባት አለ። በእጇ የእጅ ባትሪ ይዛለች።

«ኩሽኔታውን ጨርሻለሁ» አለች። «ቁልፌ ግን ጠፋ። ስር ወድቆ እንደሆነ እየፈለግኩት ነው።»

ሹፌሩ መጋዙን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ብርቄ፣ እኔ እኮ… ምሳ ላይ ያለሽ መስሎኝ…»

«መሰለህ!» አሉት እትዬ ዘርፌ። «ካርዱ ላይ ፎቶዋ አለ፤ ዓይን የለህም?»

ሜቲ እጇን በሽቦው ቀዳዳ አሾልካ ቁልፉን ሰጠች። «እማዬ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

እማዬ ቁልፉን አየች። ከዚያ አንገቷ ላይ አጠለቀችው።

«አሁን ሥራ አለብኝ» አለች። «ማታ እናወራለን።»

እማዬ መከለያውን መለሰች። ካቻቢቴዋን፣ ፒንሳዋንና መዶሻዋን ሳጥናቸው ውስጥ አስገባች። ስር አየች፣ ላይ አየች፣ ዙሪያውን አየች። ሰው ሁሉ ራቅ ብሎ ቆመ።

ጓጉንቸሩን ራሷ ከፈተች። ቀጭ! ካርዱን አወረደች። ማጥፊያውን ወደ ላይ መለሰች።

ጋሽ ደገፉ ደወሉን ደወሉ። ቂልል! ቂልል! ከዚያ አረንጓዴውን ማስነሻ ተጫኑ።

ከረረረረ! ዱብ! ዱብ! ዱብ! ዱምብ!

ሲጥ ሲጥ የለም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መኪናው ሞልቶ ሄደ። ሹፌሩ ጡሩምባውን አንዴ ብቻ፣ ቀስ አድርጎ ነፋ። ፓ!

ማታ ሜቲ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። እማዬ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ተቆጥተሻል?»

«አዎ።»

«ምን ያህል?»

እማዬ በጣቶቿ ክብ ሠራች። «ትንሹን ብርቱካን ያህል። ቀን ላይ ግን ትልቁን ያህል ነበር።»

ሜቲ አንገቷን ደፋች። «ሁለተኛ አልወስድም።»

«አትወስጂም» አለች እማዬ። «እኔም ኪሴ ውስጥ አልተወውም። ቦታው እዚህ ነው።» አንገቷን ነካች።

«ቁልፉ ግን አይሠራም እኮ» አለች ሜቲ። «ዶሮውም አልቆመ፣ ቧንቧውም አልቆመ፣ ባጃጁም አልቆመ።»

እማዬ ሳቀች። ፎቶው ላይ የማትስቀውን ሳቅ ሳቀች።

«ቁልፍ ዶሮ አያቆምም፣ የኔ ልጅ። ጓጉንቸሩ ለሰዎች ነው የሚናገረው።»

«ምን ብሎ?»

«ብርቄ ውስጥ ናት ብሎ። ሰው ይሰማውና ይጠብቃል።»

«ሹፌሩ አልሰማም።»

«አሁን ሰምቷል።»

ሜቲ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ከአባዬ የክር ሳጥን አንድ ቀይ ክር ለመነች። አባዬ ረጅም አድርጎ ቆረጠላት።

ሜቲ አጎበሯ ውስጥ ገባች። የአጎበሩን አፍ ከውስጥ በቀይ ክር አሰረችው።

እማዬ አጎበሩን ልታስተካክል እጇን ዘረጋች። ቀይ ክሩን አየች። እጇን መለሰች።

«ሰው አለ?» አለች።

«ሰው አለ» አለች ሜቲ ከውስጥ።

«እንግዲያው አልነካም። እጠብቃለሁ።»

እማዬ ጠበቀች። ቆማ ጠበቀች።

ሜቲ ራሷ ክሩን ፈታች። እማዬ ጎንበስ ብላ ግንባሯን ሳመቻት። ትንሽ ግራሶ ግራሶ ትሸታለች። ስትወጣ ሜቲ ክሩን መልሳ አሰረች።

እማዬ መብራቱን ነካች። ጧ! «አጠፋሁ» አለች።

«አሰርኩ» አለች ሜቲ።

ክሩን ሳብ አደረገችው። አልተፈታም። «ሞከርኩ።»

ከመንገዱ ማዶ ትልቁ ማሽን ዝም ብሏል። ቧንቧው ብቻ ጠብ… ጠብ… ይላል።

«አሁን እተኛለሁ» አለች ሜቲ።

ተኛችም።