የቺሳንጋ ግራ ጆሮ

አዛውንቱ ቺሳንጋ በሞቱ በሦስተኛው ቀን ኢንስፔክተር ጄሬ በካሳማ ከተማ ወዳለው ለቅሶ ቤት ሲደርስ፣ የሟች ዘመዶች ሚስታቸውን ሙሶንዳን ደጅ አስቀምጠው አልጋቸውን አውጥተውባቸው ነበር። በገንፎ መርዘው ገደሉት ባዮች ናቸው፤ ዛሬውኑ ከቤቱ ሊያባርሯቸው ቆርጠዋል።

ጄሬ በጎሳው ንጎኒ ነው፤ ሟችና ዘመዶቻቸው ቤምባ ናቸው። ሁለቱ ጎሳዎች በልማድ ተቀላላጆች ስለሆኑ፣ ንጎኒ ቤምባ ለቅሶ ቤት ገብቶ እንዳሻው ቢሳደብ ነውር የለበትም።

«እናንት ዝንጀሮ በሎች፣ ሽማግሌውን ያለ እኔ ፈቃድ ማን ግደሉ አላችሁ?»

«አይጥ በላው መጣ» አለ የሟች እህት ልጅ ካፓምባ እየሳቀ። በቤምባ ወግ ቤቱን የሚወርሰው እሱ ነው።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ሳቅም ያወጣል። ጄሬ እየተሳደበ ብዙ ወሬ ለቀመ። ቺሳንጋ ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ እየሞላ ስላስቸገራቸው፣ አምና ሉሳካ ሆስፒታል ውሃውን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ተቀበረላቸው፤ የውሃውን አወራረድ የሚያላላው የሚያጠብቀው ቫልቩ ከግራ ጆሯቸው በላይ ነው። ድነው እርሻ ወርደው ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ግን ራሳቸውን አመማቸው፣ አስታወካቸው፣ እንቅልፍ ጣላቸው፤ በዚያው ቀሩ። ማስታወኩ የጀመረው ገንፎው ከመቅረቡ ሁለት ቀን ቀድሞ ነው። ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ጥግ ላይ ትልቅ ራዲዮ አለ። ቀኝ ጆሯቸው ስለማይሰማ፣ የሞት ማስታወቂያ ሲነገር ግራውን ለጥፈውበት ያደምጡ ነበር። ራዲዮውን ከዐሥር ቀን በፊት ያመጣላቸው ካፓምባ ነው። ጄሬ የኪሱን ቁልፍ ወደ ራዲዮው ድምፅ ማጉያ ቢያስጠጋው ጥብቅ ብሎ ተጣበቀ።

ሁሉንም ሰበሰበ።

«ሬሳው ትናንት ሲመረመር መርዝ አልተገኘም። ቫልቩ ግን ሐኪሙ ካስተካከለበት ዞሮ ጠብቋል፤ ውሃው መውረጃ አጥቷል። ቆዳ ሳይቀደድ የሚያዞረው ማግኔት ብቻ ነው።»

«ራዲዮ መስጠት ወንጀል ሆነ?» አለ ካፓምባ። «እኔ ስለ ማግኔት ምን አውቃለሁ?»

ጄሬ ወደ ሙሶንዳ ዞረ። «እማማ፣ ሐኪሙ ምን ነበር የከለከላቸው?»

«ለውዝ። ከበላ ይሞታል ተባልን።»

«ማን ነገረዎት?»

«ካፓምባ ነዋ። ሉሳካ አብሮት ሄዶ የሐኪሙን እንግሊዝኛ የተረጎመው እሱ ነው።»

ጄሬ ከሆስፒታል ያስመጣውን ወረቀት ዘረጋ። «እዚህ ለውዝ የሚል የለም። ማግኔት ወደ ጭንቅላቱ እንዳይቀርብ ይላል። ከሥሩ፣ ተነግሮኛል ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ፣ ካፓምባ። የሚያስፈራቸውን ደብቀህ በማያስፈራው አስፈራሃቸው።»

የካፓምባ ዓይን በሩን ፈለገ፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ዘመዶቹ አፍረው አልጋውን ወደ ቤት ይመልሱ ጀመር። ሙሶንዳ ዞረውም አላዩዋቸው።

«የመጨረሻ ቀኑ አንድ ጭብጥ ለውዝ ለምኖኝ ነበር» አሉ። «እንዳይሞትብኝ ብዬ ከለከልኩት።»