ሕያው ዋስ

ወይዘሮ ዘርፌን በየጠዋቱ የሚቀሰቅሳቸው የሞተው ልጃቸው ናሁሰናይ ነው። በአዳማ ይህ ማንንም አይገርምም። አቅሙ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ለሟቹ «ቅሪት» ያሠራል፤ ቅሪት ማለት ከሟቹ ድምፅ፣ ጠባይና ትዝታ ተሠርቶ በግድግዳ መስታወት ላይ የሚኖር፣ የሚያወራና የሚያኮርፍ ምስል ነው። ናሁሰናይ ከነፋስ ኃይል ማመንጫ ማማ ላይ ወድቆ ሲሞት፣ እናቱ ልብስ ሰፍተው ባጠራቀሙት ገንዘብ አሠሩት። ቁርስሽን ብዪ እያለ ይጨቀጭቃቸዋል፤ እሳቸውም እየተነጫነጩ ይበላሉ።

የአበዳሪዎች ተቆጣጣሪ ቢሮ ሠራተኛዋ ምንታምር ስለ ናሁሰናይ የሰማችው በሥራዋ ምክንያት ነው። አበዳሪ ድርጅት ሁሉ ለማን እንዳበደረ፣ ወለዱ ምን ያህል እንደሆነና ዋሱ ማን እንደሆነ በየዓመቱ ለተቆጣጣሪው ቢሮ ያሳውቃል። ሪፖርቱን መጀመሪያ የሚያነበው ማሽን ነው፤ ያልጣመውን ለእሷ ያሳልፋል። በዚያ ዓመት ማሽኑ «ቀልጣፋ ብድር» የሚባለው ድርጅት ሪፖርት ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቴክኒሻን መጥቶ ፈታትቶ ቢያየው ጤነኛ ነው። ያስቆመው ሌላ ነገር ነበር። የድርጅቱ ዋሶች በሙሉ የሞቱ ሰዎች ናቸው፤ ዕዳውን ያልከፈለ ተበዳሪ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ምንታምር እንዲህ ያለ ንጹሕ ሪፖርት አይታ አታውቅም፤ ንጽሕናው አስፈራት።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ግዛቸው ምንም አልደበቃትም። ሕጉ ዋስ ፊት ለፊት ቀርቦ በገዛ አንደበቱ «ዋስ ነኝ» ይበል ይላል፤ ቅሪቶቹም ቀርበው ብለዋል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ሽማግሌ ፊት ዋስ ከመጥራት ልማድ ነበር የገለበጡት። በዚያ ልማድ ሙት ተጠርቶ አይመጣምና «ሕያው» የሚል ቃል መጨመር ለማንም ትዝ አላለውም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

«ተበዳሪው መክፈል ካቃተውስ?» አለችው።

«ዋሱ ይያዛላ። ትዝታውን አጽድተን ለስልክ ጥሪ ሥራ እንሸጠዋለን። ግን እዚያ ብዙም አይደርስም። ሰው ቤቱን ይሸጣል እንጂ እናቱን አሳልፎ አይሰጥም።»

ይህን ሲናገር ሻዩን እያማሰለ ነበር። ምንታምር ሰውየውን ጠላችው። ቀጥሎ የሚያዘው ማን እንደሆነ ስትጠይቀው የናሁሰናይን ስም ነገራት፤ ተበዳሪዋ እናቱ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሞ ስፌቱን ስላቆሙ ክፍያው ተቋርጧል።

ቢሮው የተጠራጠረውን ዋስ የመሰረዝ ሥልጣን አለው። ሪፖርት ካደረገች ድርጅቱ ይዘጋል፤ ዋስ የሆኑት ቅሪቶችም ከነምስላቸው ተሰርዘው ለዘላለም ይጠፋሉ። ዝም ካለች ናሁሰናይ ይሸጣል፣ ከእሱም በኋላ ሌሎች ይከተላሉ። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፦ የእሷ ሪፖርት ከመግባቱ በፊት ደመወዝ ያለው ሕያው ሰው በቦታው ዋስ ከገባ፣ ቅሪቱ ነፃ ወጥቶ ለባለቤቱ ይመለሳል። ይህንኑ ልትነግራቸው ወይዘሮ ዘርፌ ቤት ሄደች።

«ልጄን ሁለተኛ ልትቀብሪብኝ ነው የመጣሽው?» አሏት። ከዚያ ነጠላቸውን አንስተው፣ ወንድማቸውን እንደገና ሊለምኑ ወጡ። ምንታምርና ናሁሰናይ ብቻቸውን ቀሩ።

መልከ መልካም ወጣት ነበር። ዋስ የሆንከው አስገድደውህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ማንም አላስገደደኝም» አለ። «እማዬ መጀመሪያ የሄደችው ወንድሟ ጋ ነው። ከዚያ የማኅበር ጓደኞቿ ጋ። ከዚያ ደግሞ እኔ ስሞት ደረት ሲመቱ የዋሉት ጎረቤቶች ጋ። ሁሉም ምክንያት ነበራቸው፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ምን ምክንያት አለኝ? ልጅ አላሳድግ፣ የቤት ኪራይ አልከፍል።»

ምንታምር ጎረቤቶቹን በልቧ መውቀስ ጀምራ ነበር።

«እርስዎ ደመወዝተኛ ነዎት፣ አይደል?» አላት ቀስ ብሎ።

የቤት ኪራይዋ፣ የልጇ ትምህርት ቤት፣ ነገ ሊመጣ የሚችል በሽታ በአንድ ጊዜ መጡባት። ከዚህ ደጅ ቀጥሎ ነገ ሌላ ይመጣል፣ ለሁሉ ዋስ ሆኜ እዘልቀዋለሁ ወይ ስትልም አሰበች። ያሰበችው ሁሉ እውነት ነበር።

«እኛ የቢሮው ሠራተኞች ዋስ መሆን አንችልም» አለችው። «ሕጉ ይከለክለናል።»

ናሁሰናይ ቀና ብሎ አያት። ቅሪት ዋስ ከመሆኑ በፊት ሕጉ ከዳር እስከ ዳር ይነበብለታል፤ ቅሪት ደግሞ የሰማውን አይረሳም። እንዲህ ያለ ክልከላ በሕጉ ውስጥ የለም። ማወቁን ከፊቱ ላይ አነበበች፤ አፍራም አንገቷን ደፋች።

«አይጨነቁ» አላት። «እማዬ ስትመለስ፣ ዋስ ሊሆኑ ፈልገው ነበር፤ ሕጉ ነው የከለከላቸው እላታለሁ። እንዳታዝንብዎት።»

ወይዘሮ ዘርፌ እስኪመለሱ አልጠበቀችም። ቢሮ ገብታ ሪፖርቱን ከፈተች፤ ዋሶቹ የሚሰረዙበትን ምክንያት ሳይሞሉ መላክ አይቻልም ነበር። ብዙ አሰበች። በመጨረሻ «ሰው ስላልሆኑ» ብላ ጻፈችና ፈረመች።