ገመዱ እጄ ላይ እያለ

እኔ ኔትወርክ ዘርጊ ነኝ፣ በእኔ ሥራ መብራቱ ከበራ ይሠራል፣ ካልበራ አይሠራም፣ አለቀ፣ ጂን ምናምን ሲሉኝ ስቄ የማልፍ ሴት ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ይህንኑ ታሪክ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ቀጥፏል ብዬ ነበር የምነሣው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ በርበሬ በረንዳ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ከታች የሚነሣው በርበሬ ያስነጥሰኛል። የቤቱ ባለቤት ጋሼ ሽፋ የበርበሬ አከፋፋይ ናቸው፣ ዱባይ ካለው ታናሽ ወንድማቸው ከከድር ጋር ከተኳረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ የታመሙት እናታቸው ሳልሞት ፊት ለፊት ተያይታችሁ ታረቁ ብለው ስላስማሏቸው አሥር ሰዓት ላይ በቪዲዮ ሊገናኙ ነው። ዋይፋዩ እየተቆራረጠ አስቸግሮ፣ ስክሪንና ድምፅ ማጉያ ያለውን የስብሰባ መሣሪያ በገመድ እንዳገናኘው ነው የተጠራሁት።

"ወንድ ጠፍቶ ነው አንቺን የላኩሽ?" አሉኝ ገና ስገባ፣ ከዚያ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አልነቀሉም።

ዋይፋዩን አጠፋሁ፣ ገመዱን ከስዊቹ፣ የኔትወርክ ገመዶች ከሚሰኩበት ሳጥን፣ ወደ መሣሪያው ሰካሁ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የኔትወርክ አድራሻውን፣ መለያ ቁጥሩን ማለቴ ነው፣ ሞላሁ። "ይህ አድራሻ በሌላ መሣሪያ ተይዟል" አለኝ። ያጋጥማል፣ ሌላ ቁጥር ሰጠሁት፣ ተይዟል፣ ሦስተኛ ሰጠሁት፣ ተይዟል። ሄጄ ስዊቹን አየሁት፣ የተሰኩት ሁለት ገመዶች ብቻ ናቸው፣ ግን ምንም ያልተሰካበት ቀዳዳ ላይ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ይላል። ያኔ ከድምፅ ማጉያው የሰው ትንፋሽ ሰማሁ፣ ከባድ፣ ቁጣውን ውጦ የተቀመጠ ሰው ትንፋሽ።

"ጋሼ፣ ይሰማዎታል?"

"ሥራሽን ሥሪ።"

እንደ አዲስ ልጀምር ብዬ ገመዱን ከመሣሪያው ነቀልኩት። ልብ በሉልኝ፣ ዋይፋይ የለም፣ ገመዱ እጄ ላይ ነው። ስክሪኑ በራና አንድ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ብቅ አለ፣ ከድር ነው፣ ዓይኑ እንባ አቅሯል።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ወንድሜ" አለ።

ጋሼ ሽፋ አፋቸውን ሳይከፍቱ መልሱ ከማጉያው ወጣ፣ በራሳቸው ድምፅ፣ ረጋ ብሎ። "እናቴን በናፍቆት አልጋ ላይ የጣልካት አንተ ነህ። ሬሳህ ቢመጣ በር አልከፍትልህም።" ዞሬ አየኋቸው፣ ከንፈራቸው ግጥም ብሏል። ድምፁ ቀጠለ፣ ሌላም አለ፣ እኔ ልደግመው የማልችለው ነገር፣ ስለ ከድር ልጆች። ከድር እስኪጨርስ ሰማው፣ ከዚያ "ገባኝ" አለና ጠፋ።

ጋሼ በስልካቸው ደጋግመው ደወሉለት፣ አላነሳም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ድምፄን ማን ቀድቶ ሰጠሽ? ማነው የላከሽ?" ቦርሳዬን አንስተው በደረጃው ወረወሩት፣ ፒንሳዬ እስከ ታች ሲንከባለል ይሰማኛል። ጭንቅ ሲለኝ ገመዱን አሳየኋቸው፣ የጥሪ መዝገቡንም ከፈትኩላቸው፣ አራት ደቂቃ ይላል፣ የተገናኘው በገመድ ነው ይላል።

ዕቃዬን ለቅሜ ልወጣ ስል ከደረጃው ራስ ላይ ጠሩኝ፣ ድምፃቸው ሰልሏል።

"ቃሉ የኔ ነው" አሉኝ። "ስድስት ዓመት ሆዴ ውስጥ ነበር። ለአንድም ሰው ተንፍሼው ግን አላውቅም። ዛሬ ልተወው ነበር የመጣሁት።"

ታረቁ አልታረቁ፣ ተመልሼ የመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም። እኔም ብትሉ፣ ለታላቅ እህቴ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ያልነገርኳት ነገር አለኝ፣ የሚያምር ነገር አይደለም። በቪዲዮ ስትደውል ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። ለምን አታነሺም ስትለኝ፣ ኔትወርክ የለም እላታለሁ።