ሳይበርድ የተቀዳው ማብቀያ

ሽማግሌው ተመራማሪ የተገኙት ያገለገለ የባክቴሪያ መረቅ በሚደፋበት በርሜል ውስጥ፣ በፊታቸው ተደፍተው ነበር። ማጅራታቸው በብረት ተመቷል። ግማቱ አፍንጫ ይሰነጥቃል። «የተማረ ይግደለኝ» ያለ ሰው ይህን አላየም።

ቤተ ሙከራው ተቆልፎ ስለዋለ ውስጥ የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የእህታቸው ልጅና የሴት ልጃቸው ባል። ከአጎቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች ተብሎ ካቴና የገባባት ልጅቱ ናት። አማቹ ሽቶ የነከረውን መሐረብ አፍንጫው ላይ ለጥፎ ቆሟል።

ባልደረቦቿ «ወስፌ» የሚሏት መርማሪ በርሜሉን አይታ ወደ ልጅቱ ዞረች።

«በምን ተጣላችሁ አንቺ?»

«የኢንሱሊኑን ዘረመል ያገኘው አጎቴ ነው። ይሄ ሰውዬ በራሱ ስም ሊያስመዘግበው ሲል ‹ዝም አትበለው› አልኩት። ከዚያ ወደ ክፍሌ ገብቼ ባክቴሪያ የሚዘራበትን ማብቀያ ስሠራ ዋልኩ።»

«እርስዎስ ጌታዬ?»

«እኔም በክፍሌ ማብቀያ ስሠራ ነበር። የፈላውን እጅ እስኪችለው ጠብቄ፣ ባክቴሪያ የሚገድለውን መድኃኒት ጨምሬ፣ ሳህን ላይ ቀድቼ ባክቴሪያውን ዘራሁ። ንቅንቅ አላልኩም!»

«መድኃኒቱ ለምንድን ነው?»

ልጅቱ መለሰች። «ዘረመሉን ባክቴሪያው ውስጥ ስናስገባ መድኃኒት የሚቋቋምበትን ዘረመል አብረን እንሰጠዋለን። ያልተቀበለው ባክቴሪያ ይሞታል፤ የተረፈው የኛ ነው።»

በማግስቱ ወስፌ ሁሉንም ሰበሰበች፤ የሟች ባለቤትም መጡ። ሁለት ሳህን ከፈተች። የአማቹን ሳህን እንደ ትውከት ያለ ነጭ ዝልግልግ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል።

«ሁለቱም ላይ የተዘራው ዘረመል ያልገባበት ባክቴሪያ ነው፤ ለማነጻጸሪያ። መሞት ነበረበት። በልጅቱ ሳህን ሞቷል፤ ባንተ ሳህን እንደ አረም ፈልቷል። መድኃኒቱ ግን ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ነው። ታዲያ ያንተን ምን አበላሸው?»

አማቹ መሐረቡን ጨበጠ።

«ሙቀት ነው፤ የፈላ ማብቀያ መድኃኒቱን ያከሽፈዋል። እሷ እስኪበርድ ጠብቃለች፤ ሥራዋ ይመሰክራል። አንተ ግን መድኃኒቱን እንደፈላ ገልብጠህበት፣ ሳህኑ ላይ ቀድተህ ወጥተሃል፤ ባክቴሪያውን የዘራኸው ስትመለስ ነው። እጠብቅ ነበር ባልክበት ጊዜ ከሽማግሌው ጀርባ ነበርክ።»

ካቴናው ከልጅቱ እጅ ወጥቶ እሱ ላይ ገባ። እሱ ግን ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ፣ «ምናለ ትንሽ ብጠብቅ…» አለ።

የሟች ባለቤት ተነሡ።

«ባሌን በግማት ደፍተህ፣ የሚቆጭህ ሳህኑ ነው? ልጄን ለዚህ እጅ ነው የዳርኩት?» ብለው እግሩ ሥር ተፉ።